ናሎክሶንና የአዳኙ ከለላ፦ የአንድ ሕግ አጭር ታሪክ

ናሎክሶን ከሌሎች መድኃኒቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ የታዘዘለት ሰው ለራሱ ሊወስደው አይችልም። ሄሮይን፣ ሞርፊን ወይም ፌንታኒል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ኅሊናውን ስቶ ይወድቃል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠብባል፣ ትንፋሹ ይዘገያል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። መድኃኒቱ በኪሱ ቢገኝ እንኳ አውጥቶ የሚሰጠው ሌላ እጅ ያሻዋል። ያ እጅ በአብዛኛው የሐኪም ወይም የነርስ አይደለም፤ የእናት፣ የወንድም፣ የጎረቤት፣ አለዚያም አብሮ ሲወስድ የነበረ ጓደኛ እጅ ነው።

የመድኃኒት ሕግ ግን የቆመው በሌላ እሳቤ ላይ ነው። ሐኪም ያዝዛል፣ የመድኃኒት ባለሙያ ያድላል፣ ስሙ በማዘዣው ላይ የተጻፈው ሕመምተኛ ይወስዳል። ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው መስጠት፣ ይልቁንም የሙያ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ በመርፌ መስጠት፣ በብዙ አገሮች ያስጠይቃል። በዚህም የተነሣ ናሎክሶን በአሜሪካ በ1971 ተፈቅዶ ሳለ፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰው መድኃኒቱን ሰጥቶ እንዳይጠየቅ የሚደነግገው የመጀመሪያው የግዛት ሕግ የወጣው 30 ዓመት ዘግይቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ሲመረመር ሦስት ሰዎች ይገኙበታል፤ እነርሱም መድኃኒቱን የሚያዝዘው፣ የሚሰጠውና ስልክ አንሥቶ እርዳታ የሚጠራው ናቸው። ሦስቱም ፈርተዋል። የፍርሃታቸው መሠረት ግን እኩል አልነበረም፤ ከለላውም የደረሳቸው በፍርሃታቸው ልክ አይደለም።

ከመድኃኒቱ ለመነሣት፣ ከናሎክሶን በፊት ሐኪሞች ይጠቀሙበት የነበረው ናሎርፊን የሞርፊንን ኃይል ቢሽርም እርሱ ራሱ ትንፋሽን የማዳከም ጠባይ ነበረው። ሕመምተኛው የወሰደው ነገር ከኦፒየም ወገን ካልሆነ መድኃኒቱ ጉዳቱን ያብስበት ነበር። በ1961 ሞዘስ ሌወንስታይንና ጃክ ፊሽማን የተባሉ ተመራማሪዎች በኒውዮርክ የፈጠራ መብት የጠየቁበት ናሎክሶን ግን ይህ ጉድለት አልተገኘበትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1971 ፈቀደው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1983 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በማደንዘዣ ክፍልና በድንገተኛ ሕክምና ክፍል መደርደሪያ ላይ ኖረ።

ለሕጉ ታሪክ ሁለት የሕክምና እውነቶች ወሳኝ ናቸው። አንደኛው፣ ናሎክሶን ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አለማድረሱ ነው። ሱስ ባለበት ሰው ላይ ድንገተኛ የመታቀብ ሕመም፣ ማለትም ትውከት፣ ላብና መቁነጥነጥ ያስከትላል፤ ይህ ሲመዘን ግን ከሞት በታች ነው። እንግዲህ ምርመራው ቢሳሳት እንኳ መድኃኒቱ ስሕተቱን ይቅር የሚል ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅም ሊይዘው ይችላል። ሁለተኛው፣ ኃይሉ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የተወሰደው ኦፒዮይድ ከዚያ የሚረዝም ዕድሜ ካለው የነቃው ሰው ተመልሶ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ ሰጪው ሰጥቶ ዝም ሊል አይገባውም፤ አምቡላንስ መጥራት አለበት። ጠሪው የታሪኩ ሦስተኛ ሰው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ለአዳኝ ከለላ የመስጠት ልማድ ከናሎክሶን ይቀድማል። ካሊፎርኒያ በ1959 ባወጣችው ሕግ፣ በድንገተኛ አደጋ ቦታ በቅን ልቦና የረዳ ሐኪም በፍትሐ ብሔር ካሣ እንዳይጠየቅ ደነገገች፤ ሌሎቹም ግዛቶች ተራ በተራ ተከተሏት። በወንጌሉ ደግ ሰው ስም የሳምራዊው ሕግ የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈለገበት ምክንያት ከእንግሊዝ የወረደው የሕግ ወግ መንገደኛን እርዳ ብሎ ስለማያስገድድ ነው። ያልረዳ አይጠየቅም፤ ረድቶ የጎዳ ግን ሊጠየቅ ይችላል። በአህጉራዊው አውሮፓ የሕግ ወግ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኢትዮጵያም የወንጀል ሕግ የቆመው በዚያኛው ወገን ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንቀጽ 575 በሕይወቱ ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ የደረሰበትን ሰው፣ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል ሊረዳው ሲችል፣ ሆን ብሎ ትቶት የሄደውን ይቀጣል። የመርዳት የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። በዚህ ወግ ያደገ የጤና ባለሙያ የአሜሪካን የናሎክሶን ሕግ ሲያነብ፣ መርዳት የሚያስቀጣ እስኪመስል ድረስ ከለላ ማስፈለጉ ቢያስገርመው አይፈረድበትም።

የ1959ኙ ዓይነት ሕግ ለናሎክሶን አልበቃም። የሚከላከለው ከካሣ ክስ እንጂ ከወንጀል አልነበረም። መድኃኒቱን አስቀድሞ በኪስ ይዞ የሚዞረውን ሰው፣ አስቀድሞ ለሦስተኛ ሰው ብሎ ያዘዘለትንም ሐኪም አያውቃቸውም። ሕጉ የታሰበው ድንገት ለደረሰ መንገደኛ ነው፤ ናሎክሶን የያዘ ግን ሊመጣ የሚችለውን አስቦ የተዘጋጀ ሰው ነው።

መድኃኒቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጎዳና የወረደው ያለ ሕግ ነው። በቺካጎ ለመድኃኒት ተጠቃሚዎች ንጹሕ መርፌ የሚያድለው ቺካጎ ሪከቨሪ አሊያንስ የተባለው ድርጅት፣ ከመሥራቾቹ አንዱ በ1996 በሄሮይን ምክንያት ከሞተ በኋላ ናሎክሶን ማደል ጀመረ። ሥራውን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ማለትም እስከ 2018 ድረስ የመራው ዳን ቢግ ነው። የኢሊኖይ ግዛት ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ2010 መጀመሪያ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ከ13 ዓመት በላይ የሠራው የተለየ ከለላ ሳይኖረው ነው። በዚያው በ1996 ጆን ስትራንግና ባልደረቦቻቸው ናሎክሶን ወደ ቤት ተወስዶ እንዲቀመጥ የሚከራከር ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፤ በ1998ና በ1999ም በጀርሲ ደሴትና በበርሊን የሙከራ ዕደላ ተጀመረ።

እዚህ ላይ የሐኪሙን ፍርሃት መመርመር ይገባል። በ2001 ስኮት በሪስ የተባሉት አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ባቀረቡት ጥናት፣ ሐኪም አደጋ ለሚያሰጋው የራሱ ሕመምተኛ ናሎክሶን ቢያዝዝ አድራጎቱ ሕጋዊ እንደሆነ፣ የሚያሰጋውም የተጠያቂነት አደጋ አነስተኛ እንደሆነ አስረድተዋል። ናሎክሶን በአደንዛዥ መድኃኒቶች ቁጥጥር ሕግ ሥር የሚወድቅ አይደለም፤ ሱስ አያስይዝም፤ ማንም ለመደሰት አይወስደውም። ይሁንና ብዙ ሐኪሞች ማዘዣውን ለመጻፍ አመነቱ። በወረቀት ላይ ትንሽ የሆነው አደጋ በሐኪሙ አእምሮ ውስጥ ትልቅ ነበር። ስለዚህ በኋላ የወጡት ሕጎች ከፊል ሥራቸው ያልተከለከለን ነገር እንደተፈቀደ መናገር ነበር። ይህ ከንቱ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ፍርሃት ማዘዣን የሚያስቀር ከሆነ ፍርሃትን የሚያነሣ ሕግ የሕክምና ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሕግ የወጣው ከኒውዮርክ ወይም ከካሊፎርኒያ አልነበረም፤ ከኒው ሜክሲኮ እንጂ። በሰሜኑ የግዛቲቱ ክፍል የሚገኘው ሪዮ አሪባ የተባለው አውራጃ ሄሮይን በሚያደርሰው ሞት ስሙ የሚነሣ፣ በገጠር የተበታተነ ሕዝብ የሚኖርበት፣ አምቡላንስ ፈጥኖ የማይደርስበት አካባቢ ነው። በ2001፣ በአገረ ገዥው በጋሪ ጆንሰን ዘመን የወጣው ሕግ ሐሳቡ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ነው። የተፈቀደለት ሰው፣ ባለሙያ ባይሆንም፣ ሌላው ከመጠን በላይ መውሰዱን በቅን ልቦና ካመነና ተገቢውን ጥንቃቄ ካደረገ መድኃኒቱን መስጠት ይችላል፤ በመስጠቱም ምክንያት በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል አይጠየቅም። ሕጉ ሰጪው በትክክል መርምሮ እንዲያውቅ አይጠይቅም፤ እንዲያምን ብቻ ይጠይቃል። ከላይ የተነገረው የመድኃኒቱ ይቅር ባይነት ወደ ሕግ ቋንቋ የተመለሰው በዚህ ቃል ነው።

ኮነቲከት በ2003 ከለላውን ለሚያዝዘው ባለሙያ ሰጠች። በ2006 በሥራ ላይ የዋለው የኒውዮርክ ሕግ ደግሞ ሌላ ብልሃት አመጣ፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ናሎክሶን መስጠቱ በተጠያቂነት ረገድ እንደ መጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ይቆጠራል አለ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መድኃኒት የመስጠት ሥራ ደም የሚያቆምና አጥንት የሚደግፍ ሰው ከሚሠራው ሥራ ተርታ ገባ። ካሊፎርኒያ በ2008 በሰባት አውራጃዎች ብቻ ሙከራ ጀምራ ወደ መላው ግዛት ያሰፋችው በ2014 ነው። ስድስት ዓመት ለሙከራ መብዛቱን የሚናገሩ አይጠፉም።

ብሪታንያ ጉዳዩን በአጭሩ ጨረሰችው። በዚያ አገር ሕግ፣ ነፍስ ለማዳን በድንገተኛ ጊዜ ማንም ሰው በመርፌ ሊሰጣቸው የሚችሉ መድኃኒቶች ዝርዝር አለ፤ አድሬናሊን፣ ግሉካጎንና የእባብ መርዝ ማርከሻ በውስጡ ይገኛሉ። በ2005 ናሎክሶን በዚያ ዝርዝር ላይ ተጨመረ፤ የሰጪውም ጥያቄ በዚሁ ተፈታ። መድኃኒቱን አስቀድሞ የማግኘቱ ነገር ግን ሳይፈታ ቆየ። የሱስ ሕክምና አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲያድሉት የተፈቀደው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2015 ነው።

እስከዚህ ድረስ ከለላ ያገኙት ያዘዘውና የሰጠው ናቸው። የጠሪው ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ ፍርሃቱ በአእምሮ የተፈጠረ አይደለምና። ጓደኛው ከፊቱ የወደቀበት ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱም ተጠቃሚ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ መርፌና ዕፅ አለ። ወደ 911 ከደወለ ከአምቡላንሱ ጋር ፖሊስ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣም ይዞ ሊያስረው ይችላል። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የልጆቹ አሳዳጊነት፣ ቀድሞ የተፈረደበት ከሆነም የገደብ ነጻነቱ በዚያ ጥሪ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህም በበረዶ ማቀዝቀዝ፣ በጥፊ መምታትና የጨው ውሃ መውጋት የመሳሰሉ ከንቱ ዘዴዎች ሲሞከሩ ደቂቃው ያልፋል፤ አንዳንዱም በሩን ከፍቶ ይሸሻል።

ለዚህ ሰው ከለላ በመስጠትም ኒው ሜክሲኮ ቀደመች። በ2007 አገረ ገዥው ቢል ሪቻርድሰን የፈረሙት ሕግ፣ በቅን ልቦና የሕክምና እርዳታ የጠራ ሰውና እርዳታ የተጠራለት ሕመምተኛ፣ ማስረጃው የተገኘው በጥሪው ምክንያት ከሆነ፣ ዕፅ ይዞ በመገኘት እንዳይከሰሱ ደነገገ። ዋሺንግተን ግዛት በ2010፣ ኒውዮርክ በ2011፣ ማሳቹሴትስ በ2012 ተከተሉ። በማሳቹሴትስ የኩዊንሲ ከተማ ፖሊስ ከሕጉ ቀድሞ በ2010 ለአባላቱ ሁሉ ናሎክሶን ማስያዝ ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ለአፍንጫ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ገና ስላልነበረ፣ የሚረጭ ጫፍ በስሪንጅ ላይ እየተገጠመ ይሰጥ ነበር፤ የተፈቀደው የአፍንጫ መድኃኒት የመጣው በ2015 መጨረሻ ነው።

ሕግ መውጣቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚራመድ በዋሺንግተን ግዛት የተደረገ ግምገማ አሳይቷል። ሕጉ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ከተጠየቁት የሲያትል ፖሊሶች መካከል ስለ ሕጉ የሰሙት 16 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአምቡላንስ ባለሙያዎች ደግሞ 7 ከመቶ። በአንጻሩ ከተጠየቁት ተጠቃሚዎች 88 ከመቶው ሕጉን ካወቁ ወዲህ ለመደወል ይበልጥ እንደሚደፍሩ ተናግረዋል። ያልተነገረለት ከለላ ፍርሃትን አይነካም፤ ጠሪው የሚያየው መጽሐፉን ሳይሆን በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ነው።

በከለላው ስፋትም በኩል ግዛቶቹ እጅግ ይለያያሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውና በጤና ተቋማት የሚሠሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሜሪላንድ በ2009 ባወጣችው ሕግ ጠሪው ከክስ አይድንም ነበር፤ መጥራቱ የሚያገለግለው ለቅጣት ማቅለያ ብቻ ነበር። ከክስ የሚያድነው ከለላ የመጣው ከ2014 ወዲህ ነው። ቨርጂኒያ በ2015 የሰጠችው የመከላከያ ክርክር ነው፤ ይኸውም ጠሪው ይያዛል፣ ይከሰሳል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም እርዳታ መጥራቱን ካስረዳ ነጻ ሊወጣ ይችላል። ከመያዝ ጭምር የሚያድነው ማሻሻያ የወጣው በ2020 ነው። ሁለቱ ግዛቶች የሚዋሰኑት የዋሺንግተን ዲሲ ሕግ በ2013 በሥራ ላይ ውሏል። እነዚህ ሁሉ የአካባቢ ሕጎች ሲሆኑ የፌዴራል ባለሥልጣናትን አያስሩም። ዜግነት ያልወሰደ ስደተኛ ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር የተያያዘው ስጋት በእነርሱ ብቻ አይነሣለትም፤ በማኅበረሰቡ መካከል የሚሠራ የጤና ባለሙያ ይህን ሳያጠራ ከለላው ሙሉ ነው ብሎ ቢመክር ያሳስታል።

የናሎክሶን አቅርቦት በበኩሉ በፍጥነት ሰፋ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1996 እስከ 2014 አጋማሽ ዕደላ የሚያደርጉ ድርጅቶች ለ152,283 ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች መድኃኒቱን እንደሰጡና 26,463 ሰዎች እንደነቁ የተነገራቸው መሆኑን አስፍሯል። ቁጥሩ ድርጅቶቹ ራሳቸው የቆጠሩት ነው፤ ከነቁት መካከል ያለ መድኃኒቱም ሊተርፍ የሚችል አይኖርም ማለት አይቻልም። ቢሆንም ባልሠለጠነ እጅ የተሰጠው መድኃኒት ይጎዳል የሚለው ሥጋት በዚህ ሁሉ ዓመት አልተጨበጠም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ከመጠን በላይ መውሰድን ሊያዩ የሚችሉ ሰዎች ሁሉ ናሎክሶን እንዲያገኙና አሰጣጡን እንዲማሩ መከረ። በጥቅምት 2015 የባልቲሞር ከተማ የጤና ኃላፊ ዶክተር ሊያና ዌን ለከተማው ነዋሪ ሁሉ፣ ማለትም ለ620,000 ያህል ሰው፣ አንድ ቋሚ ማዘዣ ጻፉ። ስም የሌለበት ማዘዣ ማለት ነው። ከ2001 በፊት ለአንድ ሰው ለመጻፍ ብዕራቸው ይከብዳቸው የነበሩ ሐኪሞች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

እስከ 2017 አጋማሽ ድረስ ሃምሳዎቹም ግዛቶችና ዲሲ የናሎክሶን አቅርቦት ሕግ አወጡ። በዚያው ዓመት 70,237 ሰዎች በአሜሪካ በመድኃኒትና በዕፅ ብዛት ሞቱ፤ ፌንታኒል የደቂቃዎቹን ቁጥር ከሄሮይን ዘመን ይልቅ አሳጥሮት ነበር። ካናዳም በዚሁ በ2017 ጠሪውን የሚከላከል አገር አቀፍ ሕግ አጸደቀች። በመጋቢት 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የአፍንጫውን ናርካን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ። ለዚህ ምርት ማዘዣ አስፈላጊ መሆኑ ሲቀር፣ የሚያዝዘውን ለመከላከል የተጻፉት አንቀጾች አብዛኛው ሥራቸው አበቃ።

የጠሪው አንቀጽ ግን ሥራው አላበቃም፤ በዚህም በኩል ከለላው የዘገየና የጠበበ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2021 ሲመረምር፣ ሁለቱንም ሕጎች ያወጡት 47 ግዛቶችና ዲሲ ነበሩ፤ ካንሳስ፣ ቴክሳስና ዋዮሚንግ ጠሪውን የሚከላከል ሕግ አልነበራቸውም። ከለላውን ባወጡትም ዘንድ ዕፁን ለሟቹ የሰጠው ሰው በሰው መግደል የሚከሰስባቸው አሉ። አብረው ገዝተው አብረው ከሚወስዱ ሁለት ጓደኞች መካከል ሰጪና ተቀባይን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ስልክ የሚያነሣው ሰው የሚያስበው ዕፅ ይዞ በመገኘት የሚመጣበትን ክስ ብቻ አይደለም።

የቴክሳስ አካሄድ የሁለቱን ከለላዎች ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በ2015 የግዛቲቱ ምክር ቤት ለናሎክሶን አዛዥና ሰጪ ከለላ የሚሰጠውን ሕግ አወጣ፤ ይህም ሕግ ሆነ። በዚያው የምክር ቤት ዘመን ያለፈውን የጠሪውን ሕግ ግን አገረ ገዥው ግሬግ አቦት በድምፅ የመሻር መብታቸው ጣሉት። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2021፣ ለጠሪውም የሚሆን ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ይኸውም ከመያዝ የሚያድን አይደለም፤ በፍርድ ቤት የሚቀርብ መከላከያ ነው። ከዚህ ቀደም በዚሁ መከላከያ የተጠቀመ ሰው ዳግመኛ ሊያነሣው አይችልም፤ ባለፉት 18 ወራት ውስጥ ለሌላ ሰው እርዳታ የጠራም እንዲሁ።